በክቡ ውስጥ ያለችው ነጥብ

አለቃ ገብረ ሊባኖስ፣ ግራዝማች ደርበው፣ እመት የሺመቤት፤ እነዚህ ሦስቱ በሕይወት ሳሉ በላስታ ምድር ዘር ሳይቆጠር ሠርግ አይደገስም ነበር። ሙሽራውና ሙሽሪት በአባትም በእናትም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠሩላቸዋል፤ ቆጣሪዎቹም ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ፣ አንዲት ስም ሳትወድቅ፣ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ይቆጥራሉ። ሕጋቸው ጥብቅ ነበር። የጡት ልጅ ከአብራክ ልጅ እኩል ይቆጠራል። ጡት ሲሰጠው ቃል የተገባለት ልጅ ‹‹የማን ነው?›› ተብሎ አይጠየቅም፤ ጠይቆ የተገኘ ሰው፣ ባለማዕርግም ቢሆን፣ ከሸንጎው ተነሥቶ ይሄዳል። ግራዝማች ደርበው የገዛ ወንድማቸውን በዚህ ምክንያት አስነሥተው እንደ ሰደዱ ዛሬም የሚያስታውሱ አሉ።

አሁን ዘር የሚቆጠረው በወረቀት ላይ ነው። ወንዱ በሳጥን፣ ሴቷ በክብ ትመሰላለች፤ የታመመው ይጠቁራል። የአለቃ ገብረ ሊባኖስ የልጅ ልጅ ልጅ፣ ዶክተር መልአኩ፣ ይህን አሣሣል ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ቅድመ አያቱ የሚያውቁትን ግን አያውቅም ነበር።

መልአኩ ላሊበላ ላይ በሐኪምነት ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ ከዳገቱ ጫፍ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል አላቸው። እርሱ ግን ሆቴሉን ለእኅቶቹ ትቶ፣ የሕፃናት ስፔሻሊስት ለመሆን ለመግቢያ ፈተናው ይዘጋጅ ነበር። የምታስጠናው ፋና ፈንታው ናት፤ እርሱ በሚሠራበት ሆስፒታል የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ የድንጋይ ጠራቢው የአቶ ፈንታው ልጅ። ሥራ ሲያበቃ ማይክሮስኮፑ ካለበት ጠረጴዛ ዳር ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ እርሱ ጥያቄና መልሱን ፊትና ጀርባ የጻፈባቸውን ካርዶች እርስዋ እየመዘዘች ታነባለች።

‹‹የሦስት ዓመት ልጅ። ጠዋት ፊቱ፣ ማታ እግሩ ያብጣል። ሽንቱ አረፋ ይደፍቃል፤ ደም የለበትም።››

‹‹ኔፍሮቲክ ሲንድረም። ፕሬድኒሶሎን ይጀመርለታል።››

‹‹ይሁን። ጉሮሮው በታመመ በሁለት ሳምንቱ ሽንቱ የሻይ መልክ የያዘ የሰባት ዓመት ልጅ?››

‹‹የጉሮሮው ባክቴሪያ ያስከተለው የኩላሊት ብግነት ነው። ሲ-ሦስት የተባለው የደም ፕሮቲን ይወርዳል፤ በሁለት ሳምንት ይመለሳል።››

‹‹ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት! ተሳሳትክ፣ ዶክተር።››

‹‹አልተሳሳትኩም። ጥያቄው ነው በደንብ ያልተጻፈው።››

‹‹ጥያቄውን የጻፍከው አንተ ነህ እኮ!››

‹‹እንግዲያው መጽሐፉ ነው የተሳሳተው።››

‹‹አሥር ስላይድ ታጥባለህ›› ትለዋለች። ቅጣቱ ይህ ነበር። እጅጌውን ሰብስቦ አሥሩንም መስታወት አጥቦ ያደርቃል፤ ‹‹ተሳስቻለሁ›› የምትለዋን ቃል ግን በእነዚያ ወራት ሁሉ አንድ ቀን ከአፉ አልሰማችም። ፋና ይህን ኩራት በመጀመሪያ ትስቅበት ነበር። በኋላ ወደደችው። የወደደችው ነገር አንድ ቀን እንደሚጎዳት ግን ልቧ አስቀድሞ የነገራት ይመስል፣ መስታወቶቹን ሲያጥብ ጀርባውን ትመለከት ነበር።

ፋና አንድ ወንድም አላት፤ አዳም ይባላል፤ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ሽንቱ ይቀላል። ዘንድሮ ደግሞ መምህሩ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት አምጥተው አስቀመጡት፤ አልሰማ ብሎ። መልአኩ ልጁን ለብዙ ቀናት መረመረው፤ ጆሮውን እንዲለኩለት ደሴ ድረስ ላከው፤ ውጤቱ ሲመጣ ሕመሙን በስሙ ጠራው። አልፖርት ይባላል። ኩላሊትንና ጆሮን በአንድነት ያደክማል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከእናት ወደ ወንድ ልጇ ይወርዳል። በየቀኑ የሚወሰድ ክኒን የኩላሊቱን ድካም ለብዙ ዓመታት ሊያዘገየው ይችላል። ክኒኑም ተጀመረ፤ መንገድ በተዘጋና መድኃኒት በጠፋ ቁጥር መልአኩ ራሱ በስልክ ወልድያና ደሴ እየለመነ ያስመጣ ነበር። ይህን ልንክድበት አይገባም።

ለሕክምናው ሲል አቶ ፈንታውን ጠየቀ።

‹‹ጋሼ ፈንታው፣ ስንት ልጆች አለዎት?››

‹‹ሁለት። ፋናና አዳም።››

‹‹ከአንድ እናት?››

‹‹ከአንድ እናት›› አሉ አቶ ፈንታው፤ ዐይናቸው አልተነቃነቀም።

እናታቸው ወይዘሮ ወለተ ሐና ከአምስት ዓመት በፊት እግራቸው አብጦ ዐርፈዋል። ልባቸው ነው ተብሎ ነበር። መልአኩ ግን የልብ የተባለውን ሕመም በገዛ ሐሳቡ ወደ ኩላሊት ለወጠው፤ ወረቀት አወጣ፤ ሳጥንና ክብ ሣለ። ሁሉም ነገር እንደ መጽሐፉ ገጠመለት። እንዲህ በገጠመለት ሰዓት የተሰማው ኀዘን አልነበረም፤ እርካታ ነበር። በኋላ ያፈረበትም ይህ ነው።

ፋናን ለመልአኩ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች እሑድ ወደ አቶ ፈንታው ቤት እንዲሄዱ ተቀጥሮ ነበር። ሐሙስ ፋና አዲስ የካርድ እሽግ ፈታች።

‹‹የአሥራ ሁለት ዓመት ወንድ ልጅ›› ብላ አነበበች፤ እንደ ወትሮዋ ድምፅዋን እንደ ፈታኝ አወፍራ። ‹‹ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ሽንቱ ይቀላል። መስማት ቀንሷል። እናቱ እግሯ አብጦ ሞታለች። የሃያ አምስት ዓመት እኅት አለችው፤ ልታገባ…››

ድምፅዋ ቀጠነ። መልአኩ ያን ካርድ ከእሽጉ ማውጣቱን እንደ ረሳ ያን ጊዜ ታወሰው።

‹‹ልታገባ ነው›› ብላ ጨረሰችው። ‹‹ለወደፊት ባሏ ምን ትመክራለህ?››

‹‹ፋና፣ ስጪኝ።››

ገለበጠችው። ከኋላው አንድ ጥቁር ሳጥን፣ ከጎኑም አንዲት ክብ ተሥላለች፤ በክቧ መካከል በእስክሪብቶ ተጫን ተደርጎ የተጻፈ ነጥብ አለ።

‹‹ይቺ ነጥብ ምንድን ናት?››

‹‹እባክሽን…››

‹‹መልስ እንጂ፤ ፈተና ነው።››

‹‹ተሸካሚ ማለት ነው። ለራሷ እምብዛም ሳትታመም ለልጆቿ የምታስተላልፍ።››

‹‹መጽሐፉ ግማሽ ዕድል ነው የሚለው። አንተ ሙሉ ነጥብ አደረግህብኝ።››

‹‹ለዚሁ አይደል የምለምንሽ! እናቴ ‹በዘራቸው ሕመም አለ› ብላ ዐይኗን ገልጣ አታየኝም። ሽማግሌዎቹ ከመሄዳቸው በፊት አንዲት ብልቃጥ ሽንት ብትሰጪ፣ ደም የሌለበት ከሆነ፣ ወረቀቱን አሳይቼ አፏን አስይዛለሁ። በየቀኑ የመቶ ሰው ሽንት የምታዪ ልጅ ነሽ፤ የራስሽ ምን ከበደሽ?››

ፋና ካርዱን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። የራሷን ሽንት ስንት ጊዜ አይታዋለች! አዲስ የመመርመሪያ ወረቀት በመጣ ቁጥር የምትሞክረው በገዛ ናሙናዋ ነው። ንጹሕ እንደ ሆነ ታውቃለች። ለምን ንጹሕ እንደ ሆነም ታውቃለች።

‹‹ንጹሕ ቢሆን እናትህ ‹እርስዋስ ተርፋለች› ይላሉ›› አለችው። ‹‹አዳም ቆሞ ይሰማል። የቀረችውን ጆሮውን ለዚህ አልሰጥም። ከወንድሜ ተለይቼ፣ ታጥቤ፣ ወደ አንተ አልመጣም።››

‹‹እኔ ከወንድምሽ መቼ ተለዪ አልኩሽ?››

‹‹ብልቃጥ ስጪ ስትለኝ ምን ማለትህ ነው ታዲያ?››

ካርዱን በነጭ ጋውኗ ኪስ ከትታ ወጣች። መልአኩ የመጽሐፉን ገጽ ደጋግሞ ገለጠ፤ አንድም ስሕተት አጣበት። ትክክል ሆኖ ሳለ እንዲህ የተሸነፈበትን ምክንያት ሊያገኘው አልቻለም።

ሽማግሌዎቹ እሑድ አልሄዱም። ሰኞ ደብዳቤ ላከላት፤ ሦስት ገጽ ነበር።

‹‹የተከበርሽ ፋና፤ በቍጣሽ ላይ ቍጣ ለመጨመር አልጻፍሁም። እወድሻለሁ። የምጠይቅሽ ነገር ሳይንስ የሚጠይቀው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ነገ የሚወለዱ ልጆቻችን ‹እያወቅህ ለምን?› ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? የወንድምሽ ዕጣ በእኛ ላይ እንዳይደገም ማሰብ ጥፋት ከሆነ ንገሪኝ። በሥሌቴ ላይ ስሕተት ካለ አሳዪኝ፤ እኔ ግን አላገኘሁም።››

መልሱ በማግሥቱ በላቦራቶሪ ውጤት ወረቀት ላይ መጣለት። ከላይ ስሙ በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት ሰፍሯል፤ ከታች አንዲት መስመር ብቻ፦

‹‹ናሙናው አልቀረበም።››

ከዚያ ወዲያ በመተላለፊያው ሲገናኙ ‹‹ዶክተር›› ትለዋለች፤ ‹‹ወይዘሪት›› ይላታል፤ ውጤት በመስኮት ትሰጠዋለች። ለፈተናው ወደ ደሴ ሲወርድ መኪናው ጋሸና ላይ ተበላሽቶ አንድ ሙሉ ቀን አቧራ ላይ ዋለ። ፈተናው ላይ ያው ጥያቄ መጣ፦ የታመመ ወንድ፣ የሞተች እናት፣ ያላገባች እኅት። በትክክል መለሰ። እርሳሱን ሲያስቀምጥ ግን አንዳች ነገር እንደ ሰረቀ ሰው ዙሪያውን አየ።

በተመለሰ በሳምንቱ አቶ ፈንታው መዶሻቸውን እንደ ያዙ ወደ ክፍሉ ገቡ። አልተቀመጡም።

‹‹ልጄ ክኒኑን ከተወ ዘጠኝ ቀኑ ነው፣ ዶክተር።››

‹‹ዘጠኝ ቀን? ጋሼ፣ ይህ እኮ…! ለምን ተወ?››

‹‹ከእኅቱ ጋውን ኪስ አንዲት ካርድ አግኝቷል። ‹ጥቁሩ ሳጥን እኔ ነኝ፤ ክኒን ሳጥን አያነጣም› ይላል። እኅቱ ሳታገባ የቀረችው በርሱ መሆኑን ራሱ ቆጥሮ ደርሶበታል። ቆጠራ ከእናንተ ቤት ነው የተማረው።››

‹‹ካርዱ ለጥናት ነው እንጂ፣ እርሱን ለመጉዳት ብዬ አልነበረም።››

‹‹እኔ የማውቀው ድንጋይ ነው። በድንጋይ ላይ ያለ ቦታው የገባ መሮ ተመልሶ አይወጣም። የአለቃ ገብረ ሊባኖስ ልጅ ከሰው ቤት ገብቶ ልጅ ያጠቁራል ብዬ ግን አልጠበቅሁም።››

መልአኩ ተከትሏቸው ወጣ፤ መከራቸው፤ የክኒኑን ጥቅም ከመጀመሪያው ጀምሮ አስረዳ። ሽማግሌው ሳይዞሩ ሄዱ። ያወቀው ሁሉ እውነት ነበር፤ ያወቀው ሁሉ አንድ ክኒን እንኳ ማስዋጥ አልቻለም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ገበያ በደራ ሰዓት፣ ከጋሸና አንዲት ሴት የአምስት ዓመት ልጅ ይዛ ገባች። ረሒማ አባስ ትባላለች፤ መንገዱ ወደ ላሊበላ በሚገነጠልበት ላይ ምግብ ቤት አላት። ልጁ ጣሃ ይባላል።

‹‹አብሽር፣ አይወጉህም›› አለችው ለልጇ፤ ከዚያም ወደ መልአኩ ዘንበል ብላ ‹‹አይወጉትም አይደል፣ ዶክተር? ቃል ገብቼለታለሁ።››

‹‹አልወጋውም። ሽንቱን ነው የምናየው።››

‹‹እሱማ ቀይ ነው። ወላሂ፣ ጉንፋን በያዘው ቁጥር የሥጋ እጣቢ ይመስላል።››

መልአኩ የልጁን ፊት አየ፤ ግራ ቅንድቡ መሐል ላይ ለሁለት ተከፍሏል። ይህን ቅንድብ የት እንዳየው አላስታወሰም። የእናትየውንም የልጁንም ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ላከና በልማዱ ወረቀት ስቦ አንዲት ሳጥን ሣለ።

‹‹በእናትሽ ወገን እንዲህ የታመመ ነበር?››

‹‹አጎቴ። ጆሮው ደንቁሮ፣ ፊቱ አብጦ፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ ሞተ።››

‹‹እኅትስ?››

‹‹አንዲት ነበረችኝ፤ ዘሀራ፤ አላህ ይርሐማት። ወንድ ልጅ ወልዳ በዚያው ቀን ሞተች፤ ጋሸና ጤና ጣቢያ፣ ሁለት ሺህ አምስት፣ ጥቅምት ላይ።››

‹‹ልጁስ?››

ረሒማ የሻሿን ጫፍ ጠመዘዘች። ‹‹ልጁ አለ። የት እንዳለ አትጠይቁኝ። ወደ ወልድያ ስትወሰድ መንገድ ላይ ምጥ የያዛት ሴት በዚያው ክፍል ነበረች፤ የሷ ሕፃን ሞቶባታል። የኛን አነሣችና አጠባችው። እሷም በሃይማኖቷ፣ እኛም በሃይማኖታችን የምንጠራበትን ስም አወጣችለት። አባቴ ማለ፤ እኔም ምያለሁ። አጠባችው፤ አለቀ፤ የሷ ነው።››

የመልአኩ እጅ ወረቀቱ ላይ ቆመ። የአዳም መዝገብ ከዐይኑ ፊት መጣ፦ የትውልድ ቦታ ጋሸና፤ ጥቅምት ሁለት ሺህ አምስት። በአዳም ፊት ላይ ያየው የተከፈለ ቅንድብም።

በዚህ መካከል ፋና ሁለት ወረቀት ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ሴቶቹ ተያዩ። ለረጅም ጊዜ ተያዩ።

‹‹ደኅና ናችሁ?›› አለች ረሒማ።

‹‹ደኅና ነን።››

‹‹ሁላችሁም?››

‹‹ሁላችንም›› አለች ፋና። ወረቀቶቹን አኑራ ተመለሰች። በሁለቱም ላይ ያው ተጽፏል፤ ከኩላሊት የመጣ ደም፣ በእናትም በልጅም።

መልአኩ ለጣሃ መድኃኒቱን አዘዘለት፤ ለረሒማም የራሷን ክትትል አስረዳት። ከሸኛቸው በኋላ ወደ ላቦራቶሪው ሄደ። ፋና ስላይድ እያጠበች ነበር።

‹‹ታውቂ ነበር›› አላት።

‹‹ምኑን?››

‹‹አንዲት ቃል ብትነግሪኝ ኖሮ፣ ፋና! ያ ሁሉ ደብዳቤ፣ ያ ሁሉ ሳምንት…››

‹‹ምን ብዬ ልንገርህ? ‹ወንድሜ አይደለም› ብዬ?›› መስታወቱን አስቀመጠች። ‹‹እናቴ የሞተባትን ሕፃን በአንድ እጇ አቅፋ እሱን በሌላው ስታጠባ አጠገቧ ነበርኩ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። እጄን ደረቷ ላይ አሳርፋ አስማለችኝ። አንተ ልታገባኝ ስለ ፈለግህ፣ ያንን ልጅ በአሥራ ሁለት ዓመቱ እናት አልባ ላድርገው?››

‹‹እናቴ ግን ይህን ብታውቅ…›› ብሎ ጀመረና ራሱን ሰማ። ፋናን ነጻ የምታወጣው ዐረፍተ ነገር አንዲት ብቻ ናት፤ እርሷም የማትነገረው ናት። ቅድመ አያቱ ሰው ከሸንጎ የሚያስነሡባት ጥያቄ አፉ ላይ ደርሳ ነበር።

‹‹ነጥቧ ባለችበት ትቆይ›› አለችው ፋና በዝግታ። ‹‹የማይፈልገኝ ሰው ካለ፣ በእርስዋ ምክንያት አይፈልገኝ።››

ሊነካት እጁን ዘረጋ፤ አልደፈረም። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ፊት ቆሞ እንደማያውቅ ተሰማው፤ እርስዋም ስላይድ ወደ ማጠቡ ተመለሰች።

ወደ እናቱ ሄደና ‹‹ፋናን እንዳለች አገባታለሁ፤ ምርመራ አልጠይቅም›› አላቸው። ‹‹ትናንት ሥጋት ነው ያልከኝ! ምን ተገኘ?›› ሲሉት ‹‹ምንም›› አለ። ‹‹ታዲያ ሐኪም ነህ ወይስ ቂል?›› አሉት። ዝም አለ። ዝምታው ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ጊዜ ቀመሰው፤ ፋና ይህን አሥራ ሁለት ዓመት ተሸክማዋለች።

ከሰዓት በኋላ ወደ አቶ ፈንታው ግቢ ገባ። ሽማግሌው ልጁ ያልዋጠውን ክኒን በመዳፋቸው ይዘው በተጠረበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፋና ከበሩ ተደግፋለች። አዳም ጀርባውን ሰጥቶ ደጃፉ ላይ ነበር፤ ሲጠሩት አልዞረም። መልአኩ ዞሮ ከፊቱ ተንበረከከ፤ ልጁ ከንፈሩን እንዲያነብ ፊቱን ወደ ብርሃን አደረገ።

‹‹ክኒን ልታስውጠኝ ከሆነ አልውጥም›› አለ አዳም።

‹‹ላነጋግርህ ነው የመጣሁት።››

ልጁ ካርዱን ከደብተሩ አወጣ። ‹‹ጥቁሩ እኔ ነኝ አይደል?››

‹‹አንተ ነህ።››

‹‹ፋና ላይ ነጥቡ በኔ ምክንያት ነው የመጣው?››

አቶ ፈንታው መዶሻቸውን ያዙ፤ ፋና ትንፋሿን ያዘች። መልአኩ እውነቱን ያውቀዋል፤ በአፉም ሞልቷል። ዋጠው።

‹‹ነጥቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ›› አለ። ‹‹የሰው ወንድም ሲታመም ሐኪም የሚያደርገው መርዳት ነው። እኔ ካርድ አደረግሁህ። ኅብረተሰቡ ሳይሆን፣ እናቴ ሳትሆን፣ እኔ ነኝ። አንተ የፋና ወንድም ነህ፤ ከዚህ በላይ መቆጠር ያለበት አልነበረም።››

አዳም ካርዱን አየ፤ እኅቱን አየ። ‹‹ፋና ስትጠይቅህ ሁልጊዜ ‹መጽሐፉ ነው የተሳሳተው› ትላለህ አሉ።››

‹‹እውነት ነው፤ እላለሁ።››

‹‹አሁንስ መጽሐፉ ነው?››

‹‹አይደለም።››

‹‹ጥያቄው ነው?››

‹‹ጥያቄውም አይደለም። እኔ…›› ድምፁ ተሰበረ።

‹‹አልሰማሁም›› አለ አዳም። መስማቱን ከዐይኑ ያወቀችው ፋና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጁ ክኒኑን ከአባቱ እጅ ተቀብሎ በመዳፉ ይዞ ጠበቀ። ‹‹ጮክ በል። ጎረቤትም ይስማ።››

የወይዘሮ ውድነሽ ልጅ፣ የአለቃ ገብረ ሊባኖስ የልጅ ልጅ ልጅ፣ በድንጋይ ጠራቢው ግቢ መካከል በጉልበቱ እንዳለ ድምፁን ከፍ አደረገ።

‹‹ተሳስቻለሁ!››